ገለባው ከአውድማ ሳይወጣ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሁመራ የሚያመራው መንገድ ደጋውን እየተወ ወደ ቆላው ሲወርድ፣ የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ሳንጃን ያገኛል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰፊ ቆላ፣ እስከ መተማ ዮሐንስና እስከ ሱዳን ድንበር ድረስ፣ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ አገር ነው። በዚህ አገር ሰሊጥ የሚያመርት ገበሬ የማይስተው አንድ ደንብ አለ፤ ገለባና አፈር ከምርቱ የሚለየው በአውድማው ላይ ነው። ሳያበጥር የጫነ ሰው ለአፈሩም የመኪና ኪራይ ይከፍላል፤ መጋዘን ሲደርስም ያው አፈር የምርቱን ደረጃ ያወርድበታል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሰሊጥን በደረጃ ማገበያየት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ከምርቱ ጋር የተቀላቀለው ባዕድ ነገር በናሙና እየተለካ በወረቀት ላይ የሚሰፍር ቁጥር ሆኗል።

ደንቡ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲጠቃለል፣ የማይፈለገው ነገር መጣል ያለበት ብዙ ድካም ከፈሰሰበት በኋላ ሳይሆን ገና ከመነሻው ነው የሚል ይሆናል። የኮምፒዩተር መረብ ባለሙያዎችም ይህንኑ ሐሳብ በራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል። በየሰከንዱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የመረጃ ጥቅሎች ወደ አንድ ኮምፒዩተር ሲጎርፉ፣ የትኛው ይለፍ፣ የትኛው ይጣል፣ የትኛው ወደ ሌላ ይተላለፍ የሚለውን ፍርድ የሚሰጥ ትንሽ ፕሮግራም በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ደጃፍ፣ ከተቻለም በኔትወርክ ካርዱ ውስጥ ማስቀመጥን ተምረዋል። ይህ ጽሑፍ ያ ፕሮግራም እንዴት እንደሚሠራ፣ በምን ዋስትና እንደሚታመን፣ እንደ ሳንጃ ባሉ የመስመር ጫፍ ከተሞችስ ምን ሊጠቅምና ምን ሊሳነው እንደሚችል ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

የአንድ ጥቅል ጉዞ

በኢንተርኔት የሚተላለፍ ማናቸውም ነገር፣ ደብዳቤም ይሁን ፎቶግራፍ፣ ድምፅም ይሁን የባንክ ሒሳብ፣ እንደ አንድ ወጥ ዕቃ አይጓዝም። ፓኬት ወደሚባሉ ትናንሽ ጥቅሎች ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ጥቅል በተለመደው የኤተርኔት መረብ ላይ ቢበዛ 1500 ባይት ይይዛል፤ ከፊቱም ከየት እንደ ተነሣ፣ ወዴት እንደሚሄድና የምን መልእክት ክፍል እንደ ሆነ የሚናገር ራስጌ አለው። 3 ሚሊዮን ባይት የሆነ አንድ ፎቶግራፍ ከ2000 በላይ ጥቅሎች ሆኖ ይጓዛል ማለት ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ካላ-አዛር በመተማና በሁመራ ቆላዎች ለረጅም ዘመን የኖረ በሽታ ነው። በሳንጃ የሚሠራ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ ያየውንና የተጠራጠረበትን ናሙና ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ጎንደር ላለ ሐኪም በመላክ አስተያየት ሊጠይቅ ፈለገ እንበል። ከ2000 የሚበልጡት ጥቅሎች ከእርሱ ኮምፒዩተር ወጥተው፣ በግቢው ያለውን መሣሪያ አልፈው፣ በመስመሩ ተጉዘው፣ ሌሎች ብዙ መሣሪያዎችን አቋርጠው ይደርሳሉ። በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ይህ ጥቅል ይለፍ ወይስ አይለፍ? ካለፈስ በየትኛው በር?

ጥያቄውን የሚመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ከርነል የሚባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አስኳል ነው። ከርነል የኮምፒዩተሩ መሣሪያዎች ሁሉ ቁልፍ በእጁ ያለ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነው ማለት ይቻላል። በተለመደው አሠራር ካርዱ የተቀበለውን ጥቅል በሜሞሪ ላይ ያስቀምጥና ፕሮሰሰሩን ይቀሰቅሳል። ከርነሉም ለጥቅሉ መዝገብ ይከፍትለታል፤ ራስጌዎቹን አንድ በአንድ ይመረምራል፤ በፋየርዎል ደንቦች ያሳልፈዋል፤ የሚፈልገውን ፕሮግራም ፈልጎ ያገኝና መረጃውን ይገለብጥለታል። ይህ ሁሉ ሥርዓት ያለው፣ ጥንቃቄ የተሞላበት አካሄድ ነው። ጉድለቱ የሚታየው ጥቅሉ መጨረሻ ላይ የሚጣል ሲሆን ነው። ባለጉዳዩ ስሙ ተመዝግቦ፣ ፋይል ተከፍቶለት፣ ከቢሮ ቢሮ ከዞረ በኋላ «ጉዳይህ እዚህ አይታይም» ተብሎ እንደሚመለሰው ነው። ያንን ከበሩ ላይ መንገር ይቻል ነበር።

67 ናኖ ሰከንድ

ጉድለቱ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለመረዳት ጥቂት ማካፈል ይበቃል። አንድ የኔትወርክ ካርድ በሰከንድ 10 ቢሊዮን ቢት፣ ማለትም 10 ጊጋቢት ይቀበላል እንበል። ይህ ፍጥነት ዛሬ በትልልቅ የመረጃ ማዕከላት ዘንድ ተራ ነው። በኤተርኔት ደንብ ትንሹ ጥቅል 64 ባይት ነው፤ የመነሻ ምልክቱና በጥቅሎች መካከል የሚተወው ክፍተት 20 ባይት ሲጨመርበት 84 ባይት ወይም 672 ቢት ይሆናል። 10 ቢሊዮንን ለ672 ስናካፍል በሰከንድ 14.88 ሚሊዮን ጥቅሎች እናገኛለን። ለአንዱ ጥቅል የሚደርሰው ጊዜ 67.2 ናኖ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ናኖ ሰከንድ ማለት የአንድ ሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። በ3 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር በዚህ ጊዜ ውስጥ 200 ጊዜ ያህል ይመታል።

200 ምት ብዙ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ፕሮሰሰሩ የሚፈልገው መረጃ ካሽ በሚባለው የቅርብ ማስቀመጫ ሳይገኝ ቀርቶ እስከ ዋናው ሜሞሪ ድረስ ቢሄድ፣ ያ አንድ ምልልስ ብቻ የጊዜውን እኩሌታ ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። መዝገብ መክፈት፣ ደንብ ማመሳከርና መገልበጥ በዚህ ላይ ሲጨመሩ ጊዜው አይበቃም።

ከዚህ የባሰም አለ። ጄፍሪ ሞጉልና ኬ. ኬ. ራማክሪሽናን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት አንድ እንግዳ የሚመስል ክሥተት አብራርተው ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር ሥራውን ጥሎ የሚነሣ የመጋዘን ሠራተኛ እናስብ። እንግዳ ጥቂት ሲሆን ሥራው አይጓደልም። አንኳኳዩ እየበዛ ሲሄድ ግን ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ በር ሲከፍትና ሲዘጋ ይውላል፤ ከመጋዘኑ አንዲት ኩንታል አትወጣም። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ጥቅል በመቀበል ብቻ ተጠምዶ አንድም ጥቅል ለባለቤቱ ሳያደርስ ሊቀር ይችላል። ክፉ አሳቢዎች ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ፣ ከብዙ ሺህ ኮምፒዩተሮች ከንቱ ጥቅሎችን በአንድ ጊዜ በማዝነብ አገልግሎቶችን ያንበረክካሉ። የሊኑክስ ከርነል ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ፣ ጎርፉ ሲበረታ መቀስቀሻውን ዘግቶ በራሱ ጊዜ እየሄደ ጥቅሎችን በጅምላ መሰብሰብን ተምሯል። ይህ ሠራተኛውን ከበሩ ቢያላቅቀውም፣ ለእያንዳንዱ ጥቅል መዝገብ ከመክፈት ግን አላዳነውም።

ዋስ የሚጠራ ከርነል

አንደኛው መውጫ ከርነሉን ጨርሶ ማለፍ ነበር። በኢንቴል ኩባንያ የተጀመረው ዲፒዲኬ የተባለው የፕሮግራም ስብስብ ይህን ያደርጋል፤ ካርዱን ከከርነሉ እጅ አውጥቶ ለአንድ ፕሮግራም ያስረክበዋል። ፍጥነቱ ከፍተኛ ነው። ዋጋው ግን ከርነሉ ለዓመታት ያካበተው ጥበቃ፣ የአድራሻ ማውጫና መቆጣጠሪያ ሁሉ አብሮ መቅረቱ ነው። ጠባቂው ዘገየ ብሎ ቁልፉን መንጠቅ እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው መውጫ ቁልፉን በጠባቂው እጅ ትቶ ጠባቂውን አዲስ ብልሃት ማስተማር ነው። የዚህ ሐሳብ ሥር ወደ እ.ኤ.አ. 1992 ይመለሳል። በአሜሪካ የሎውረንስ በርክሊ ቤተ ሙከራ ባልደረቦች የነበሩት ስቲቨን ማካንና ቫን ጃኮብሰን የመረብ ጥቅሎችን ለጥናት የሚይዝ መሣሪያ ሲሠሩ፣ ጥቅሉን ሁሉ ገልብጦ ኋላ ከመጣል ይልቅ ማጣሪያውን በከርነሉ ውስጥ ማስኬድ እንደሚሻል አሳዩ። ማጣሪያቸው ቢፒኤፍ ተባለ። ከ22 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ አሌክሲ ስታሮቮይቶቭና የሥራ ባልደረቦቹ ይህን ትንሽ ማጣሪያ አስፋፍተው ኢቢፒኤፍ የተባለውን አዲስ ሥርዓት ወደ ሊኑክስ አስገቡ። ኢቢፒኤፍ 11 ሬጅስተሮች ያሉት፣ በከርነሉ ውስጥ የሚኖር ምናባዊ ኮምፒዩተር ነው። ለእርሱ የተጻፈ ፕሮግራም ወደ ፕሮሰሰሩ እውነተኛ ቋንቋ ተተርጉሞ በሙሉ ፍጥነት ይሠራል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ ይገባል። ማንነቱ ያልታወቀ ፕሮግራም ወደ ግምጃ ቤቱ እንዴት ይገባል? በከርነል ውስጥ የተሠራ ስሕተት እንደ ሌላ ፕሮግራም ስሕተት አይደለም፤ ኮምፒዩተሩን በሙሉ ሊያቆመው ይችላል። መልሱ በቀድሞው የአገራችን የሙግት ሥርዓት ከነበረው ልማድ ጋር ይመሳሰላል፤ ተሟጋች ወደ ነገሩ ከመግባቱ በፊት ዋስ ይጠራ ነበር። ከርነሉም ፕሮግራሙን ከማስገባቱ በፊት አረጋጋጭ በሚባለው ክፍሉ አማካይነት ዋስትና ይጠይቃል። አረጋጋጩ ፕሮግራሙን ሳያስኬድ፣ ሊሄድባቸው የሚችሉትን መንገዶች ተከትሎ ይመረምራል። ፕሮግራሙ የግድ የሚያበቃ መሆን አለበት፤ ያልተፈቀደለትን ሜሞሪም መንካት የለበትም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የኤተርኔት ራስጌ 14 ባይት፣ መደበኛው የአይፒ ቁጥር 4 ራስጌ 20 ባይት ነው። የላኪውን አድራሻ ሊያነብ የፈለገ ፕሮግራም በመጀመሪያ «ይህ ጥቅል ቢያንስ 34 ባይት አለውን?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ይህን ጥያቄ የዘነጋ ፕሮግራም፣ የጻፈው ሰው የቱንም ያህል የተከበረ ባለሙያ ቢሆን፣ ከበሩ ይመለሳል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ፕሮግራም ከ4096 ትእዛዞች እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ግን አረጋጋጩ ስለ ጎለመሰ፣ ሥልጣን ላለው ተጠቃሚ የምርመራው ወሰን ወደ 1 ሚሊዮን ትእዛዝ ከፍ ብሏል። አረጋጋጩ ራሱ ሰው የጻፈው ፕሮግራም መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። በየጊዜው ቀዳዳ ተገኝቶበት ተደፍኗል፤ በዚህም ምክንያት ብዙ የሊኑክስ አዘጋጆች ሥልጣን የሌለው ተራ ተጠቃሚ ኢቢፒኤፍን እንዳይጭን ከልክለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በሊኑክስ 4.8 የመጣው ኤክስዲፒ ይህንኑ ፕሮግራም ወደ መጀመሪያው በር አቀረበው። ጥቅሉ ከካርዱ እንደ ወረደ፣ ከርነሉ መዝገብ ሳይከፍትለት፣ ፕሮግራሙ ያየዋል። ፍርዱም አጭር ነው፤ ጣል፣ አሳልፍ፣ በመጣበት በር መልስ፣ ወይም ወደ ሌላ በር አዙር። ፕሮግራሙ ከተራ ፕሮግራሞች ጋር የሚጋራቸው ሰንጠረዦች ስላሉት፣ የሚታገዱትን አድራሻዎች ዝርዝር ሥራ ሳይቋረጥ መለወጥ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ቶከ ሆይላንድ-ዮርገንሰንና ባልደረቦቹ ባቀረቡት ጥናት፣ አንድ የፕሮሰሰር ኮር ብቻውን በሰከንድ እስከ 24 ሚሊዮን ጥቅሎችን ማስተናገድ መቻሉ ተመዝግቧል። ይህም ለአንዱ ጥቅል 42 ናኖ ሰከንድ ያህል ማለት ነው። ፌስቡክ ካትራን የተባለውን ሥራ አከፋፋይ፣ ክላውድፍሌርም ከላይ የተጠቀሰውን የጥቅል ዝናብ የሚመክትበትን ሥርዓት በዚሁ መሠረት ላይ ገንብተዋል።

ሥራውን ለካርዱ መስጠት

በሩን ከከርነሉም አልፎ ወደ ካርዱ ማድረስ ይቻላልን? በከፊል ከቆየ ሰንብቷል። ጥቅል በመንገድ ላይ መበላሸቱን የሚያሳየውን የማረጋገጫ ድምር ማስላት ከብዙ ዓመታት ጀምሮ የካርዶች ሥራ ሆኗል። መቆራረስም እንዲሁ ነው። ከርነሉ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ ትልቅ ቁራሽ አንድ ጊዜ ያስረክባል፤ ካርዱ ደግሞ ለመስመሩ በሚስማማ መጠን ይቆርሰዋል። ከርነሉ 45 ጊዜ ያህል ሊደግመው የነበረውን ሥራ አንድ ጊዜ ሠርቶ ይገላገላል።

እነዚህ ግን ፋብሪካው አስቀድሞ የወሰናቸው ሥራዎች ናቸው። አዲሱ ነገር የተጠቃሚውን ፕሮግራም ራሱን ወደ ካርዱ መጫን ነው። ኔትሮኖም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2016 አንሥቶ የኢቢፒኤፍ ፕሮግራም በካርዱ ውስጥ እንዲሠራ ለሊኑክስ ድጋፍ ጨመረ። በዚህ ጊዜ የሚጣለው ጥቅል የኮምፒዩተሩን ፕሮሰሰር ፈጽሞ አያደክምም። ይሁን እንጂ የካርዱ ሜሞሪ ውስን ነው፤ ከከርነሉ አገልግሎቶች ብዙዎቹም እዚያ የሉም። ስለዚህ በከርነሉ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ሁሉ በካርዱም ይሠራል ማለት አይደለም።

በትልልቅ ማከፋፈያ መሣሪያዎች ዘንድም ተመሳሳይ እርምጃ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው ፒ-4 የተባለው ቋንቋ፣ መሣሪያው ጥቅሎችን እንዴት እንደሚያነብና እንደሚለይ መሐንዲሱ ራሱ እንዲጽፍ ፈቀደ። ቶፊኖ የተባለውን ለዚህ የተሠራ ቺፕ ያመረተውን ቤርፉት ኩባንያ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2019 ገዛው፤ በ2023 ደግሞ የቀጣዮቹን ቺፖች ልማት አቆመ። ከዚህ አንድ ትምህርት ይገኛል። መሣሪያ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ አገር፣ ሥራውን በአንድ ኩባንያ ቺፕ ላይ ማንጠልጠል አደጋ አለው። በከርነል ውስጥ የሚኖር ፕሮግራም ግን ካርዱ ቢለወጥም ከባለቤቱ ጋር ይቀራል።

ለቀጭን መስመር ሌላ ስሌት

ውድ አንባብያን፣ እስካሁን የተናገርነው ስለ ሰፊው ጎዳና ነው። አሁን ወደ ሳንጃ እንመለስ። የአንድ መሥሪያ ቤት መስመር በሰከንድ 2 ሚሊዮን ቢት ያስተላልፋል ብለን ብናስብ፣ አንድ ሙሉ ጥቅል ለመውጣት 6 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ይህ ከ67ቱ ናኖ ሰከንድ ከ89,000 ጊዜ በላይ ይረዝማል። እንዲህ ባለ መስመር ላይ ተራ አሮጌ ኮምፒዩተርም ሥራ ፈቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ለ10 ጊጋቢት የተዘጋጀውን መድኃኒት እንዳለ ማምጣት የተሳሳተ ምርመራ ይሆናል። ለቀጭን መስመር ጭንቁ የፍጥነት ሳይሆን የርቀት፣ የተራና የቦታ ነው።

ከርቀት እንጀምር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ መዘርጋት የጀመረው ወረዳ ኔት በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረዳዎችን በአብዛኛው በሳተላይት ያገናኘ ሥራ ነበር። እንዲህ ላለው አገልግሎት የሚውለው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ይቆማል። መልእክት ወጥቶ ሲወርድ ከ71,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ መልሱም ያንኑ ያህል። በብርሃን ፍጥነት እንኳ ምልልሱ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። በቀድሞው የቲሲፒ ደንብ ላኪው «ደረሰኝ» የሚል መልስ ሳያገኝ ከ65,535 ባይት በላይ መላክ አይችልም ነበር። ይህን ለግማሽ ሰከንድ ስናካፍል በሰከንድ 1 ሚሊዮን ቢት ገደማ ይመጣል። ደንበኛው ከዚህ የሰፋ መስመር ቢከፍልበትም አንድ መልእክት ከዚህ በላይ አይፈጥንለትም ማለት ነው። የሳተላይት መሣሪያ ሠሪዎች ያገኙት መፍትሔ፣ በመንገድ ላይ ያለው መሣሪያ ጥቅሉን አይቶ በተቀባዩ ፈንታ «ደረሰኝ» እንዲል ማድረግ ነበር። ጥቅልን በመንገዱ ላይ በፕሮግራም መዳኘት ለሩቅ ወረዳ ቅንጦት ሳይሆን የመኖር ጉዳይ መሆኑን ይህ ያሳያል።

የተራ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይሰውራል። መስመሩ ሲጣበብ መሣሪያው ጥቅሎችን በሰልፍ ያቆያል። የሰልፉ ማቆያ 1 ሚሊዮን ባይት ቢይዝና መስመሩ 2 ሚሊዮን ቢት ቢሆን፣ ከሰልፉ መጨረሻ የቆመው ጥቅል 4 ሰከንድ ይጠብቃል። ከጎን ክፍል አንድ ሰው ትልቅ ቪዲዮ ቢልክ፣ የላቦራቶሪው ምስል ብቻ ሳይሆን ምስሉን ለመላክ የሚያስፈልገው እያንዳንዱ ትንሽ ጥያቄና መልስ ከዚያ ቪዲዮ ጀርባ ይሰለፋል። ተጠቃሚው «ኔትወርክ የለም» ብሎ ይተወዋል። መስመሩ ግን ሙሉ በሙሉ እየሠራ ነው።

የቢፒኤፍ አባት ከሆኑት አንዱ የሆነው ቫን ጃኮብሰን ከካትሊን ኒኮልስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚህ መፍትሔ አቀረበ። ኮዴል የተባለው ስልታቸው የሰልፉን ርዝመት አይለካም፤ ጥቅሉ በሰልፉ ውስጥ የቆየበትን ጊዜ ይለካል። ቆይታው ለ100 ሚሊ ሰከንድ ያህል ከ5 ሚሊ ሰከንድ ሳይወርድ ከቀጠለ አንዳንድ ጥቅሎችን መጣል ይጀምራል። ላኪው ጥቅሉ መጣሉን ሲረዳ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሰልፉም ይቃለላል። በዚያው ዓመት ወደ ሊኑክስ የገባው ኤፍኪው-ኮዴል ለእያንዳንዱ ግንኙነት የተለየ ሰልፍ በማበጀት፣ ብዙ የጫነው በጥቂቱ ላይ እንዳይሠለጥን አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ኬክ የተባለው የተሟላ ስልት ተከተለ። በዚህም ሥራ ላይ ቀደም ብለን የጠቀስነው ሆይላንድ-ዮርገንሰን እጁ አለበት። እነዚህ ሁሉ በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ ለቀጭን መስመርም አሮጌ ኮምፒዩተር ይበቃቸዋል።

የቦታ ጉዳይ ሦስተኛው ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚዘነጋው እርሱ ነው። በሳንጃ በሚገኝ ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠ ኤክስዲፒ ከውጭ የሚመጣን ከንቱ ጥቅል በፍጥነት ሊጥል ይችላል። ነገር ግን ያ ጥቅል ቀጭኑን መስመር አቋርጦ መጥቷል፤ ኪራዩ ተከፍሏል። ገቢውን ማጣራት የሚገባው በሰፊው ጫፍ፣ አገልግሎት ሰጪው ባለበት ነው። ወጪውን ግን በሳንጃ ማጣራት ይቻላል። በቫይረስ የተያዘ ኮምፒዩተር የሚረጨውን ከንቱ ጥቅል ከግቢው ሳይወጣ መጣል ለመስመሩ እውነተኛ እፎይታ ነው። ለገቢውም የተወሰነ ብልሃት አለ። በግቢው ያለው መሣሪያ ፍጥነቱን ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ከያዘ፣ ሰልፉ ከአገልግሎት ሰጪው ወደ ራሱ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ኮዴልን የመሰለ ስልት ሊያስተዳድረው ይችላል።

በብዙ መቶ ደንበኞች ላይ ይህን ለሚያደርግ ማዕከል ደግሞ ሁለቱ ዕውቀቶች ይገናኛሉ። ሊብሬ-ኪውኦኤስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በኤክስዲፒ አማካይነት ጥቅሎቹን በፕሮሰሰሩ ኮሮች ላይ ያከፋፍላል፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ ደንበኛ የኬክን ሰልፍ ይመድባል። የተሠራውም ለትናንሽ ኢንተርኔት አቅራቢዎች ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችንን ለሚያገናኘው የትምህርትና ምርምር መረብ፣ ኢተርኔት ተብሎ ለሚጠራው፣ እንዲህ ያለ ስልት ሊፈተሽ የሚገባው ነው።

ወንፊቱ በማን እጅ ነው?

ጥቅልን አይቶ የሚፈርድ መሣሪያ ለበጎም ለሌላም ይውላል። ከንቱውን ከጠቃሚው የሚለየው ያው ብልሃት የተፈቀደውን ካልተፈቀደው ለመለየትም ያገለግላል። በ2004 ዓ.ም. የቶር ፕሮጀክት በኢትዮጵያ የጥቅሎችን ይዘት የሚመረምር መሣሪያ ሥራ ላይ መዋሉንና የቶር ግንኙነቶች በመነሻ ሰላምታቸው ተለይተው እንደሚቋረጡ አስታውቆ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ ከዓመት ገደማ በኋላ በከፊል ተመልሷል። ያን ጊዜ የሰልፍም የናኖ ሰከንድም ስሌት ለሳንጃም ለጎንደርም ትርጉም አልነበረውም፤ መስመሩ ራሱ ዝም ብሏልና።

ከዚህ የሚገኘው ሳይንሳዊ ትምህርት ግልጽ ነው። አረጋጋጩ ፕሮግራሙ የሚያበቃ መሆኑንና ከወሰኑ የማያልፍ መሆኑን ያረጋግጣል። ፍርዱ ትክክል መሆኑን ግን አያረጋግጥም። የላቦራቶሪውን ምስል የሚጥል ፕሮግራምና የጥቅል ዝናብን የሚመክት ፕሮግራም በአረጋጋጩ ፊት እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ዋስ ጠርተው ይገባሉ። የትኛው ጥቅል ገለባ፣ የትኛው ፍሬ እንደ ሆነ የሚወስነው ደንቡን የጻፈው ሰው ነው። ደንቡን የሚጽፉና ሌላው የጻፈውን አንብበው የሚረዱ ባለሙያዎች በአገር ውስጥ መኖራቸው የሙያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመብትም ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከየት ይጀመር?

ይህን ዕውቀት ለመልመድ ውድ ካርድም ሆነ ቶፊኖ አያስፈልግም። ሊኑክስ የተጫነበት አንድ ተራ ላፕቶፕ ይበቃል። የከርነሉን የመረብ ክፍልፋይ በመጠቀም በአንዱ ላፕቶፕ ውስጥ ሁለት ምናባዊ ኮምፒዩተሮችን አቋቁሞ በምናባዊ ገመድ ማገናኘት ይቻላል። ኔትኤም በተባለው መሣሪያ ገመዱን በሰከንድ 2 ሚሊዮን ቢት ወስኖ፣ የግማሽ ሰከንድ መዘግየት ከጨመሩበት፣ የሳተላይቱ ወረዳ በጠረጴዛ ላይ ተሠራ ማለት ነው።

ከዚያ የሚከተሉትን ሦስት ሙከራዎች በተራ መሥራት ይቻላል። በመጀመሪያ በገመዱ ላይ ትልቅ ፋይል እያስተላለፉ፣ የአንዲት ትንሽ ጥያቄ መልስ ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሚዘገይ ለክቶ መመዝገብ። ቀጥሎ ኤፍኪው-ኮዴልን አብርቶ ያንኑ መለካትና ሁለቱን ቁጥሮች ማነጻጸር። በመጨረሻም ከ30 መስመር የማይበልጥ የኤክስዲፒ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጽፎ፣ የሚያልፉትን ጥቅሎች እንዲቆጥርና የአንዱን አድራሻ ጥቅሎች እንዲጥል ማድረግ። ጀማሪ የጥቅሉን ርዝመት መጠየቅ መርሳቱ የተለመደ ነው፤ አረጋጋጩ ፕሮግራሙን መልሶ ስሕተቱ በስንተኛው ትእዛዝ ላይ እንደ ሆነ ይነግረዋል። ከርነሉ ከሰጠው ትምህርት ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ይሆናል።

በሙከራው የተገኘው ቁጥር ወደ እውነተኛ መስመር ሊወሰድ ይችላል። በወረዳ ጤና ጣቢያ፣ በትምህርት ቤት ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበር ቢሮ ያለው መስመር «ደካማ ነው» ከመባሉ በፊት፣ መዘግየቱ ከርቀት ይሁን ከሰልፍ መለካት አለበት። ከርቀት ከሆነ ፊዚክስ ነውና መታገሥ ወይም በምድር ላይ የሚዘረጋ መስመር መጠየቅ ነው። ከሰልፍ ከሆነ ግን መፍትሔው በግቢው ባለው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሊመጣ ይችላል።